ከሥዕል ዓለም፦ የወህኒ አዛዡ ፊት

በቀድሞ ዘመን ሥዕል ላይ የወህኒ ጠባቂ የታየ እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው። ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለት ሰንሰለት ታስሮ ሳለ መልአክ መጥቶ እንዳስወጣው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 የተጻፈውን ታሪክ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ደጋግመው ሥለውታል፤ በብዙዎቹም ላይ መልአኩ ያበራል፥ ጴጥሮስ ይነሣል፥ ዘበኞቹ ያንቀላፋሉ። ከሁሉ የታወቀው ራፋኤል በ1514 ገደማ በቫቲካን ግድግዳ ላይ የሣለው ነው። የወታደሮቹ የብረት ልብስ በመልአኩ ብርሃን ሲያንጸባርቅ እጅግ ያምራል፤ የወታደሮቹን ፊት ግን የሚያስተውል ተመልካች ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ሠዓሊዎቹ እንዲህ ማድረጋቸው አያስደንቅም። ታሪኩ የታሳሪው ታሪክ ነው፤ ጠባቂው ከበሩና ከሰንሰለቱ ጋር የሚቈጠር የቤቱ ዕቃ ነው። ጠባቂውን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው፥ ስምና ሐሳብ፥ ይልቁንም ኪስ ያለው ሰው አድርገው ከሣሉት መካከል ግን እንደ እንግሊዛዊው እንደ ዊልያም ሆጋርዝ ነገሩ የገባው ያለ አይመስለንም። የገባውም ከመጽሐፍ አይደለም፤ በልጅነቱ ከወህኒ ደጃፍ ኖሮበታል። ለዛሬ የምናወራው ስለዚህ ሰውና ስለ አንድ የወህኒ አዛዥ ነው።

በሎንዶን ከተማ ፍሊት በሚባል ወንዝ ዳር በዚሁ ስም የሚጠራ ወህኒ ቤት ነበረ። የመጀመሪያው ሕንፃ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራ ሲሆን፥ በ1666 ሎንዶንን ባቃጠለው ታላቅ እሳት ነድዶ እንደገና ተሠርቷል። በሆጋርዝ ዘመን በዚያ የሚታሰሩት በአብዛኛው ሌቦችና ነፍሰ ገዳዮች ሳይሆኑ ባለ ዕዳዎች ነበሩ። የሕጉ አሠራር እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው የተበደረውን መክፈል ሲያቅተው አበዳሪው ያሳስረዋል፤ የታሰረውም እስኪከፍል ድረስ ይቀመጣል። ታስሮ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሠርቶ ገንዘብ ሊያገኝ ስለማይችል፥ የመክፈሉ ቀን እየራቀ ይሄዳል።

በእኛ አገር በቀድሞ ጊዜ ባለ ዕዳና ገንዘብ ጠያቂ በአንድ ሰንሰለት ይቈራኙ ነበር፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃል ዛሬም በአነጋገራችን የቀረው ከዚሁ ልማድ ነው። «ወህኒ» የሚለውም ቃል የመጣው የጐንደር ነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ነው። ቁራኛ ክፉ ልማድ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን አበዳሪው የብረቱን ክብደት በገዛ እጁ ስለሚሸከም፥ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ መፈለጉ አይቀርም። በእንግሊዝ አገር ግን በሁለቱ መካከል ነገሩ እንዲያልቅ የማይፈልግ አንድ ሦስተኛ ሰው ነበረ። ይህም የወህኒው አዛዥ ነው።

የፍሊት አዛዥነት ሹመት ብቻ ሳይሆን እንደ ርስት የሚሸጥና የሚለወጥ ንብረት ነበር። ጆን ሀጊንስ የተባለ ሰው ይህን ሥራ ለራሱና ለልጁ ዕድሜ ከሎርድ ክላረንደን በ5,000 ፓውንድ ገዛው፤ በ1728 ደግሞ በዚያው ዋጋ ለቶማስ ባምብሪጅና ለአንድ ባልደረባው ሸጠው። ባምብሪጅ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ነበረ። እንግዲህ 5,000 ፓውንድ ከፍሎ የገባ ሰው ገንዘቡን ከወዴት ያወጣል? ከመንግሥት የሚቈረጥለት በቂ ደመወዝ የለም፤ ያሉት እስረኞች ብቻ ናቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ ባምብሪጅ ግን ገና ሳይሾም ከፍሏልና መብላቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀመረ።

ስለዚህ በፍሊት ሁሉም ነገር ዋጋ ነበረው። እስረኛው ሲገባ ይከፍላል። ለመኝታው ይከፍላል። እግር ብረት ታስሮበት እንደ ሆነ እንዲቀልለት ይከፍላል። ከዚህም የበለጠ የሚከፍል ሰው ከግቢው ወጥቶ በወህኒው ዙሪያ በተከለሉት መንደሮች ቤት ተከራይቶ ሊኖር ይፈቀድለት ነበር። ባዶ እጁን የሆነው እስረኛ ደግሞ በመንገድ ላይ የሚያልፉትን ሰዎች በመስኮት ይለምናል። ለዕዳ የታሰረ ሰው በታሰረበት ቤት ሌላ ዕዳ ሲገባ ይታያችሁ! አበዳሪው ምሮት እንኳ የወህኒውን ሒሳብ ሳይጨርስ አይወጣም።

ሆጋርዝ የተወለደው በ1697 ነው። አባቱ ሪቻርድ ሆጋርዝ ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ የትምህርት ቤት መምህር ሲሆን፥ ላቲን ቋንቋ እጅግ የሚያውቅ፥ የማስተማሪያ መጻሕፍትም የደረሰ ሰው ነበር። በመጽሐፍ አልሆንለት ሲል በሎንዶን አንድ ቡና የሚሸጥበት ቤት ከፈተ፤ በዚያም ቤት የተማሩ ሰዎች እየመጡ በላቲን ብቻ እንዲነጋገሩ አሰበ። አሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በላቲን እየተነጋገረ ቡና የሚጠጣ ደንበኛ እንደ ልብ አልተገኘም፤ ቤቱም ተዘጋ፤ ሪቻርድ ሆጋርዝም ባለ ዕዳ ሆኖ ወደ ፍሊት ገባ። ዊልያም ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ነበረ። ቤተ ሰቡ በወህኒው ክልል ውስጥ ለዓመታት ከኖረ በኋላ፥ በ1712 ለባለ ዕዳዎች ምሕረት የሚሰጥ ሕግ ሲወጣ አባትየው ነጻ ወጣ፤ ስድስት ዓመትም ሳይሞላ ቀርቶ ሲሞላ በ1718 ሞተ።

ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል ከወሩ አጋማሽ በኋላ በባለ ሱቁ ደብተር ላይ ስሙ የማይገኝ ሰው ቢኖር እጁን ያውጣ። እኛስ አናወጣም። የሪቻርድ ሆጋርዝን ታሪክ ስናነብ ያሳቅቀን የነበረውም ለዚሁ ነው፤ ሰውየው ሌባ አልነበረም፥ ቁማርተኛ አልነበረም፥ የተማረ ሰው ነበረ።

ልጁ በስተርጅናው ስለ ሕይወቱ ማስታወሻ ሲጽፍ የአባቱን እውቀትና በመጻሕፍት ነጋዴዎች እጅ የደረሰበትን በደል አንሥቷል። ስለ ፍሊት ግን አንዲት ቃል አልጻፈም። በጽሑፍ ያልተናገረውን ግን በሥዕሉ ሲመላለስበት እናያለን።

በጃንዋሪ 1728 በሎንዶን አንድ አዲስ ቴያትር ታየ። የጆን ጌይ «የለማኞች ኦፔራ» ነው። ከትዕይንቱ አንዱ ክፍል ኒውጌት በሚባለው ወህኒ ቤት የሚሆን ሲሆን፥ የወህኒው ሹም ለአዲሱ እስረኛ የእግር ብረቶችን እንደ ጫማ ሻጭ እያማረጠ ያቀርብለታል፤ ከአንድ ጊኒ ጀምሮ እስከ አሥር ጊኒ የሚያወጣ አለ፥ ዋጋውም ከፍ ባለ መጠን ብረቱ ለእግር ይስማማል። ሕዝቡ በሣቅ ሞተ። ሆጋርዝም ይህንኑ የወህኒ ትዕይንት ወደደውና ከአንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ሣለው፤ ወንበዴው በብረት ታስሮ በመካከል ቆሟል፥ የወህኒው ሹም ልጅ በአባቷ እግር ሥር ተንበርክካ ስለ ፍቅረኛዋ ትለምናለች፥ ታላላቅ መኳንንትም በመድረኩ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይመለከታሉ። ቀልዱ የተወደደው እውነት ስለ ነበረ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ቀልዱ ሌላ መልክ ያዘ።

ሮበርት ካስቴል የሕንፃ ጥበብ ዐዋቂ ነበር። የጥንት ሮማውያን የገጠር ቤቶቻቸውን እንዴት ይሠሩ እንደ ነበር የሚያስረዳ ትልቅ መጽሐፍ በዚያው በ1728 አሳትሟል። ይሁን እንጂ ዕዳ ነበረበትና በፍሊት ታሰረ። ገንዘብ በእጁ ሳለ ለባምብሪጅ እየከፈለ ይኖር ነበር፤ መክፈል ባቃተው ጊዜ ግን ባምብሪጅ ወደ አንድ የእስረኞች ማቆያ ቤት እንዲወሰድ አዘዘ። በዚያ ቤት ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ካስቴል ፈንጣጣ ወጥቶበት የማያውቅ መሆኑን፥ በሽታውንም እጅግ እንደሚፈራው ተናግሮ ወደዚያ እንዳይልኩት ለመነ። አልሰሙትም። በሽታው ያዘውና በዲሴምበር 1728 ሞተ፤ ሚስቱና ትንንሽ ልጆቹ ያለ ረዳት ቀሩ።

ሟቹ ጄምስ ኦግልቶርፕ የሚባል የፓርላማ አባል ወዳጅ ነበረው። ካስቴል እንደ ሌሎቹ ወዳጅ የሌለው ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር ብለን እንገምታለን። ኦግልቶርፕ ነገሩን ለፓርላማ አቀረበ፤ በፌብሩዋሪ 1729 የወህኒ ቤቶችን የሚመረምር ኮሚቴ ተሰየመ፤ እርሱም ሊቀ መንበር ሆነ። የኮሚቴው አባሎች ራሳቸው ወደ ፍሊት ሄዱ። በዚያም ሰር ዊልያም ሪች የሚባለውን መኰንን በብረት ታስሮ አገኙት። ጃኮብ ሜንዴዝ ሶላስ የተባለው የፖርቱጋል ሰው ደግሞ የመቃብር ዋሻ በሚመስል ጨለማ ክፍል ውስጥ በብረት ታስሮ ሁለት ወር ያህል እንደ ተቀመጠ ተረዱ፤ ያ ክፍል በወህኒው የሞቱ ሰዎች አስከሬን እስኪመረመር ድረስ የሚቀመጥበት ስፍራ ነበር። በመጋቢት ወር ሪፖርቱ ሲቀርብ ፓርላማው ሀጊንስና ባምብሪጅ እንዲያዙ አዘዘ። የታሰሩትም በኒውጌት ነው።

እንግዲህ ወደ ሥዕሉ ደረስን። የኮሚቴው አባል የነበረው ሰር አርቺባልድ ግራንት ሆጋርዝን ጠርቶ ኮሚቴው በሥራ ላይ ሳለ እንዲሥለው አዘዘው። ሆጋርዝ ያን ጊዜ የ31 ዓመት ጐልማሳ ነበር። በመጀመሪያ ትንሽ ንድፍ በዘይት ቀለም ሠራ፤ ይህ ንድፍ ዛሬ በኬምብሪጅ በፊትዝዊልያም ሙዚየም ይገኛል። ተመርማሪው አዛዥና መርማሪዎቹ ተፋጠዋል፤ በመካከላቸው ልብሱ የተቀዳደደ፥ ከሰውነት የወጣ አንድ እስረኛ በብረቱ እንደ ታሰረ ተንበርክኳል። ባምብሪጅ ቆሟል። የሥዕሉ ሁሉ ነፍስ ያለችው እርሱ ላይ ነው። ፊቱ ለመዋሸት ወደ ፊት ይቀርባል፥ እግሩ ግን ለማምለጥ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። አንደኛውን እጁን በችኰላ ወደ ብብቱ ከቶታል፤ የሌላው እጁ ጣቶች የልብሱን ቍልፍ ቀዳዳ ይነካካሉ። ንድፉን ኋላ በእጁ ያደረገው ጸሐፊ ሆሬስ ዋልፖል ይህን ሰውነት አይቶ፥ ሳልቫቶር ሮዛ የሚባለው ሠዓሊ ኢያጎን ተንኰሉ በተገለጠበት ሰዓት ቢሥለው ኖሮ እንዲህ ያደርገው ነበር የሚል አስተያየት ጽፏል። «ኦቴሎ»ን ያነበበ ወይም በቴያትር ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን ባምብሪጅ አስፈሪ ሆኖ አለመሣሉ ነው። ግዙፍ አይደለም፥ ጅራፍ አልያዘም። ሒሳቡ ሲመረመር የጐደለ ገንዘብ ተገኝቶበት ምን ብዬ ላምልጥ እያለ የሚያስብ ጸሐፊ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ፊት በአንድ የሒሳብ ክፍል ደጃፍ ላይ ያየ አንባቢ ይኖር ይሆናል። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ወደ ፍሊት በር የተመላለሰ ሠዓሊ፥ ክፋት ሁልጊዜ ቀንድ አብቅሎ እንደማይመጣ ሳያይ አልቀረም።

ከንድፉ በኋላ የተሠራው ትልቁ ሥዕል በሎንዶን በብሔራዊው የሥዕለ ገጽ ሙዚየም አለ። አባሎቹ ሁሉ መልካቸው እንዲታወቅ ስለሚሹ ፊቶቹ በዝተዋል፤ በጥንቃቄ የተሠራ ቢሆንም የንድፉን ያህል አይነድም። ኮሚቴ በሙሉ እንዲታይበት የታዘዘ ሥዕል፥ የቡድን ፎቶግራፍ መምሰሉ አይቀርም።

የነገሩን ፍጻሜ ለሚጠይቅ አንባቢ ሳንነግር አናልፍም። ሀጊንስም ባምብሪጅም እስረኛ በመግደል ተከሰው በ1729 ቀረቡ፤ ሁለቱም ነጻ ወጡ። የካስቴል ሚስት በባምብሪጅ ላይ ዳግመኛ ብትከስስም አልተፈረደላትም። ፓርላማው ግን ባምብሪጅን ከአዛዥነቱ የሚሽር ሕግ አወጣ፤ ብዙ ባለ ዕዳዎችም በዚያ ጊዜ ተፈቱ። ኦግልቶርፕ ኋላ በአሜሪካ የጆርጂያን ቅኝ አገር አቋቋመ። ሥዕሉን ያሣለው ሰር አርቺባልድ ግራንትስ? በ1732 ለድኾች በመያዣ ገንዘብ እንዲያበድር የተቋቋመ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ገንዘብ ሲጠፋ እጁ አለበት ተብሎ ከፓርላማ ተባረረ። ያን ጊዜ ሆጋርዝ ምን ብሎ ይሆን?

ሆጋርዝ ከዚያ በኋላ የታዘዘውን ሳይሆን የራሱን መሣል ጀመረ። ታሪክ በተከታታይ ሥዕል እየነገረ፥ በመዳብ ላይ እየቀረፀ በወረቀት አትሞ ለሕዝብ ሸጠ። በ1732 ባወጣው የአንዲት ሴተኛ አዳሪ ታሪክ አራተኛው ሥዕል ብራይድዌል በሚባለው የማረሚያ ቤት የሚሆን ነው፤ ልጅቱ በሐር ልብሷ እንዳለች ቃጫ ትወቅጣለች፥ ጠባቂው ዱላ ይዞ ቆሟል፥ የጠባቂው ሚስት ደግሞ ከኋላ የልጅቱን ጌጥ ትነካካለች።

ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው በ1735 የታተመው የአንድ ሀብት አባካኝ ወጣት ታሪክ ሰባተኛ ሥዕል ነው። ስፍራው ፍሊት ነው። ወጣቱ የአባቱን ውርስ በመጠጥና በቁማር ጨርሶ ታስሯል። የመጨረሻ ተስፋው አንድ ቴያትር ደርሶ መሸጥ ነበር፤ ድርሰቱ አይረባም ተብሎ ከደብዳቤ ጋር ተመልሶለት በጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከኋላው ቍልፍ ያዡ የሒሳብ ደብተሩን ዘርግቶ የመግቢያ ገንዘብ ይጠይቀዋል፤ ቢራ ያመጣ ልጅ ዋጋውን ካልሰጠኸኝ ይላል፤ ለገንዘቧ ብሎ ያገባት አንድ ዓይና ባልቴት በጆሮው ትጮኻለች። የናቃት የቀድሞ ፍቅረኛው ልጃቸውን ይዛ ልትጠይቀው መጥታ ራሷን ስታ ወድቃለች።

በዚህ ሥዕል ላይ ቍልፍ ያዡን አንባቢ ልብ ብሎ ይመልከተው። አልተቈጣም። ደብተሩን ብቻ ይዟል። ጊዜ አለው፤ ሰውየው የትም አይሄድበትም።

በክፍሉ ውስጥ ግን ሌሎችም እስረኞች አሉ፤ እኛ ይህን ሥዕል የምንወደው በእነርሱ ምክንያት ነው። አንዱ በጓዳው ምድጃ አንድዶ ተራውን ብረት ወርቅ ለማድረግ ይደክማል። በአልጋው ሰማይ ላይ አንድ ሰው ለመብረር ያዘጋጀው ትልቅ ክንፍ ተቀምጧል። ሌላው ልብሱ የተቀዳደደ ሽማግሌ ልጅቱን ለመርዳት ሲያጐነብስ ከእጁ አንድ ጥቅል ወረቀት ይወድቃል፤ በላዩም የእንግሊዝ መንግሥት ያለበትን ዕዳ ሁሉ የሚከፍልበት አዲስ ዘዴ መሆኑ ተጽፏል! ሰውየው የታሰረው የራሱን ዕዳ መክፈል አቅቶት ነው። አባቱ በላቲን ቡና ሊሸጥ ያሰበ ሠዓሊ በዚህ ወረቀት ላይ ሲሥቅ፥ ሣቁ የሚያቈስለው ማንን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሥዕል የሕግን ያህል አይሠራም፤ የወህኒው ክፍያ ከዚህ በኋላም ብዙ ዓመት ቈይቷል። በ1773 ጆን ሐዋርድ የቤድፎርድሺር ሸሪፍ ሆኖ ሲሾም፥ በፍርድ ቤት ነጻ የወጡ ሰዎች እንኳ የጠባቂውን ገንዘብ ስላልከፈሉ ተመልሰው ሲታሰሩ አየ። በ1774 ይህን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ እርሱ ግን በአውሮፓ ወህኒ ቤቶች ሁሉ ሲዞር ኖሮ በ1790 በሩስያ ግዛት በከርሶን ሞተ። ሠዓሊው ጆርጅ ሮምኒ ሐዋርድ በሕሙማንና በእስረኞች መካከል ገብቶ ሲመለከት የሚያሳዩ ብዙ የእጅ ንድፎችን ሠርቷል። ፍሊትም በ1842 ተዘጋ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ የጠባቂው መልክ በሥዕል ላይ ተለወጠ። ጉስታቭ ዶሬ በ1872 የኒውጌትን እስረኞች በግንብ በተከበበ ጠባብ ግቢ ክብ ሠርተው ሲዞሩ ሣላቸው፤ ቫን ጎግም በ1890 በሳን ሬሚ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ የዶሬን ሥዕል አይቶ በቀለም ደገመው። በጥጉ ቆመው የሚመለከቱ ሰዎች አሉ። ደብተር የላቸውም፥ ከማንም ምንም አይጠይቁም። በመንግሥት ደመወዝ የቆመ ዘበኛ መልኩ እንዲህ ነው። ከሚዞሩት እስረኞች አንዱ ግን ባርኔጣ የለውም፤ ፊቱን ወደ እኛ መልሷል።

ይህ የቫን ጎግ ሥዕል በሞስኮ በፑሽኪን ሙዚየም ይገኛል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ለትምህርት ወደ ሎንዶን የሚሄድ ቢኖር ግን፥ ከላይ የተናገርንለትን የባለ ዕዳዎች ክፍል የመጀመሪያውን የቀለም ሥዕል በሰር ጆን ሶን ሙዚየም ያገኘዋል። ገንዘብ ይዞ መምጣት አያስፈልገውም፤ መግቢያው በነጻ ነው።